የተያዘ ስልክ ተራ አያውቅም

ስልክ ተይዟል ሲባል ቁጭ ብሎ ደጋግሞ የሚደውል አፕ አለ። ቁጥሩን ትሰጡታላችሁ። በየስንት ሰከንዱ እንደሚሞክር ትነግሩታላችሁ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁት ሥራችሁን ትሠራላችሁ። እሱ ይደውላል፣ ተይዟል ሲባል ይዘጋል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይደውላል። አይሰለችም፣ አይናደድም፣ "እነዚህ ሰዎች ግን ጤነኛ ናቸው?" ብሎ አይራገምም።

እዚህ ሐዋሳ ይህን አፕ የሚጠቀሙ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ ሬዲዮ ላይ ጥያቄና መልስ በመጣ ቁጥር ለመግባት ነው። ሌላው ዕቁብ ሰብሳቢ ነው፤ የእሱን ጉድ ወደ በኋላ አወራችኋለሁ። እኔ የጫንኩት ለእናቴ ዓይን ብዬ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እናቴ ቀኝ ዓይኗ ደከመ። እዚሁ ሐዋሳ ያየቻት ሐኪም ሞራ ብቻ ሳይሆን የዓይኗ የኋላ ክፍልም መታየት አለበት ብላ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ላከችን። እዚያ ያሉት ስፔሻሊስት በየቀኑ አይገቡም። ቀጠሮ ደግሞ በስልክ ነው። ስልኩ አንድ የመስመር ስልክ ነው፣ ቀጠሮ የሚሰጠውም ጠዋት ጠዋት ብቻ።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይሄ ብዙ አያስጨንቅም። ታክሲ ተሳፍሮ ሄዶ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያስይዛል። ከሐዋሳ ግን ሻሸመኔን፣ ባቱን፣ መቂን፣ ሞጆን አልፎ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ቀጠሮ ለማስያዝ ብሎ ማን ይሄን ይሄዳል? ለእኛ ለሩቆቹ ያለን በር ያቺ ስልክ ብቻ ናት። ክሊኒኩ ውስጥ ደግሞ መስኮቱ ጋ የቆመ ሰውና የሚጮህ ስልክ እኩል ሲመጡ የሚቀድመው የቆመው ነው። የቆመ ሰው ያፈጣል፤ ስልክ አያፈጥም። በዚህ ላይ ማንንም አልፈርድም፣ እኔም እዚያ ብቀመጥ እንደዚያው ነው የማደርገው። ግን ልብ በሉ፣ ከሁሉም ርቆ የሚኖረው ሰው ነው ከሁሉም በላይ የሚጠብቀው።

ስልኩ በጠዋት ከተያዘ እስከ ምሳ ሰዓት ተይዟል። ጣቴ ደነዘዘ። ስልኬን ለማሠራት እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ተቀምጬ በመሃል በመሃል ስሞክር ልጁ ከመነጽሩ በላይ አየኝና፦

"ጋሼ፣ እስካሁን በጣትዎ ነው እንዴ የሚደውሉት?" አለኝ።

በምን ልደውል ታዲያ ልለው ስል ስልኬን ተቀበለኝና ጫነልኝ። ለዚያ እንኳ አላስከፈለኝም፣ እግዜር ይስጠው። አፑ ሲከፈት ፈቃድ ይጠይቃል። ስልክ ልደውልልህ? የጥሪህን ሁኔታ ልከታተል? እሺ፣ እሺ። በሁለት እሺ መሃል አንድ ማስታወቂያ። ከዚያ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፣ መነካት ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቤት ሄጄ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ስልኩ ደወለ፤ ቱ፣ ቱ፣ ቱ አለ፤ ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ደወለ። እናቴ መቁያውን ይዛ አፍጥጣ አየችው።

"ማነው የሚደውለው?"

"ራሱ ነው፣ እማዬ።"

"ራሱ? ማን አዘዘው?"

"እኔ ነኝ ያዘዝኩት። እስኪነሳ ድረስ ይሞክራል።"

"አይ የሱ ነገር። ሰው ቢሆን እስካሁን ተጣልቶ ነበር" አለችና መቁላቷን ቀጠለች። አቦሉ ተይዟል። ቶናውም ተይዟል። በረካው ላይ ስንደርስ የስልኬ ባትሪ ተንጠፍጥፎ ቻርጀር ፍለጋ ተነሳሁ።

አንድ ነገር ቶሎ ታዘብኩ። አፑ ሰው ያንሳ አያንሳ አያውቅም። እንዴት እንደዚህ ይሆናል ብዬ ትንሽ አነበብኩ። አንድሮይድ ለተራ አፕ የሚነግረው ጥቂት ነገር ነው፦ ስልኩ እየጠራ ነው፣ ስልኩ ሥራ ላይ ነው፣ ስልኩ ተዘግቷል። ወደ ውጭ ስትደውሉ ገና ከደወላችሁባት ሰከንድ ጀምሮ "ሥራ ላይ ነው" ነው የሚለው። ያኛው ወገን ቢያነሳም፣ ባያነሳም፣ ቢያዝም ቃሉ አንድ ነው። ጥሪው ለምን እንደተቋረጠ በዝርዝር የሚነገረው ስልኩ ውስጥ ዋና መደወያ ሆኖ ለተቀመጠው አፕ ነው። ሌላው ይገምታል። ጥሪው በጥቂት ሰከንድ ከተቋረጠ ተይዞ ነበር ማለት ነው ብሎ እንደገና ይሞክራል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ሰዓት ቆጥሮ ራሱ ይዘጋዋል። እንግዲህ አስቡት፣ ያቺ የምትናፈቅ የክሊኒኩ ስልክ አንሺ ልጅ አንስታ "ጤና ይስጥልኝ" ልትል አፏን ስትከፍት አፑ ዘጋባት ማለት ነው። ስለዚህ አፕ ጫንኩ ብላችሁ ጓሮ አትሂዱ። ጆሯችሁ እዚያው መሆን አለበት። ጣታችሁን ነው ያሳረፋችሁት፣ እናንተን አይደለም።

ሌላም አለ። የተያዘ ስልክ ሂሳብ አይቆጥርም። ነገር ግን አንዳንድ ቢሮ ማሽን ያነሳና "እባክዎ በመስመር ላይ ይጠብቁ" ብሎ ሙዚቃ ይከፍታል። ለኔትወርኩ ያ ስልክ ተነስቷል። ሂሳቡ መቁጠር ጀምሯል። አፑ እንዲህ ያለ ቢሮ ላይ ተለቆ ባለቤቱ ቡና ሊጠጣ ከሄደ ካርዱ ሙዚቃ ሲሰማ ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ ተራ በመያዝ የተካንን ሰዎች ነን። ውሃ ሲጠፋ ቦኖ ጋ ጀሪካኑን አሰልፎ ቤቱ የሚመለስ ሰው፣ ሲመጣ ቦታውን እዚያው ያገኛታል። ጀሪካኑ ስለሱ ቆሟል። ቢሮ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው "የመጨረሻው ማነው?" ብለን ነው። አንዱ እጁን ያወጣል፣ ከሱ ቀጥለን እንቀመጣለን፣ ወረቀት ቁጥር ሳያስፈልግ ሁሉም ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ያውቃል። ሊያቋርጥ የሞከረ ሰው የሚደርስበትን ታውቃላችሁ።

የተያዘ ስልክ ይሄን ሁሉ አያውቅም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሲሞክር የነበረ ሰውና አሁን ገና ከእንቅልፉ ተነስቶ የደወለ ሰው ለሱ አንድ ናቸው። ያኛው ስልኩን ባስቀመጠባት ሰከንድ ቀድሞ የደረሰ ገባ። ትዕግሥት አይቆጠርም። ቀድሞ መምጣት አይቆጠርም። የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ መሞከር ብቻ ነው። ስለዚህ በየደቂቃው በጣቱ የሚሞክር ሰውና በየ10 ሰከንዱ የሚሞክር አፕ አንድ መስመር ላይ ቢገጥሙ አፑ ስድስት እጥፍ ገደማ ዕድል አለው። ሲገባም ከማን ቀድሞ እንደገባ አያውቅም። እኔም አላውቅም። ምናልባት የወላይታ አንዲት እናት፣ ምናልባት የጎባ አንድ ሽማግሌ። መስኮት ላይ ቢሆን በትከሻዬ ገፍቼ ላልፋቸው የማልደፍራቸውን ሰዎች ነው በስልክ ያለፍኳቸው። የማይታይ ሰውን መቅደም አያሳፍርም፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ይህንን ነገር ከመቶ ዓመት በፊት በሂሳብ ያሰላው አንድ የዴንማርክ ሰው አለ። አግነር ኤርላንግ ይባላል። የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ተቀጣሪ የሂሳብ ሰው ነበር። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ስንት ሰው ሲደውል ስንት መስመር ይበቃል? በጉዳዩ ላይ እ.ኤ.አ. በ1909 መጻፍ ጀመረ፣ በ1917 ደግሞ ዛሬም ድረስ የስልክ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበትን ቀመር አወጣ። የስልክ ጭነት መለኪያው ራሱ በስሙ ኤርላንግ ይባላል።

ቀመሩን ወደ እኛ ክሊኒክ አመጣሁት። በሰዓት 12 ሰው ይደውላል እንበል። እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ያወራል። 12 በ5 ሲባዛ 60 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የአንድ ሰዓት ወሬ። አንድ መስመር ይበቃል አይደል? አይበቃም። ሰው ተራ ጠብቆ አይደውልም፣ በደራሽ ነው የሚደውለው። አንድ መስመር ብቻ ካለ ከደዋዮቹ ግማሾቹ "ተይዟል" ይባላሉ። ሁለተኛ መስመር ብትጨምሩ ከ5 ሰው አንዱ ብቻ ነው የሚመለሰው። ሦስተኛ ብትጨምሩ ከ16 አንዱ። እኔ ይሄን ሳይ ገረመኝ። ከግማሽ ወደ አንድ አምስተኛ የወረደው በአንዲት ተጨማሪ ስልክ ነው።

ኤርላንግ ግን አንድ ነገር ታሳቢ አድርጓል። ተይዟል የተባለ ሰው ትቶ ይሄዳል ብሎ ነው ያሰላው። እናቱ ዓይኗ የደከመ ሰው ትቶ አይሄድም። እንደገና ይደውላል። ያኔ ጭነቱ ከ12 ሰው ወደ 12 ሰው ሲደመር የነዚያው ሰዎች ድግግሞሽ ይሆናል። መስመሩ አንድ ጊዜ ከተያዘ አፍታ ሳያገኝ እንደተያዘ ይውላል። አፕ የዚህ ነገር ጣሪያ ነው። እኔ ብቻ ብጠቀመው እጠቀማለሁ። ሁላችንም ብንጠቀመው ደግሞ እኩል ሆነን እንመለሳለን፣ የልጅቷ የሥራ ቀን ግን በአንድ ደቂቃ እንኳ አይረዝምም። ያው የፈረደባት ስልክ በየሰከንዱ ይንኳኳል፣ ያው ብዛት ሰው ይገባል።

የዚያኛውን ወገን ወሬ ደግሞ ከአንዲት ዘመዴ ሰማሁ። እዚሁ ከተማ ሌላ መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። "ስልኩን አስቀምጬ እጄን ሳላነሳ ይጮሃል" አለችኝ። "ያስተናገድኩትን ሰው ስም እንኳ መዝገብ ላይ ሳልጽፍ።" ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ ስላት ሳቀች። "ምን አደርጋለሁ፣ አንዳንዴ አንስቼ ጎኑ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሽንት ቤት መሄድ የለብኝም እንዴ?" የተነሳ ስልክ ደግሞ ለሚደውለው ሰው ተይዟል ነው የሚለው። እንግዲህ እኔ ያንን ሁሉ ጠዋት ቱ ቱ ቱ ስሰማ ማን ጋ እንደተያዘ ማን ያውቃል። ምናልባት ከማንም ጋር አልነበረም።

በነገራችን ላይ ስልክ አልተያዘም ተይዟል የሚለው ነገር ድሮም ጣጣ ነበረው። አውቶማቲክ የስልክ ማዞሪያን የፈጠረው አልመን ስትሮጀር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ሙያው ቀብር ማስፈጸም ነበር። እንደሚተረከው የከተማው የስልክ ኦፕሬተር የተፎካካሪው ሚስት ነበረች፣ እሱን ፈልጎ የሚደውለውን ሁሉ ወደ ባሏ ታዞርበት ነበር። ታሪኩ ምን ያህል ተጋኗል የሚለውን ለባለሙያ እንተወው። ማሽኑ ግን መጣ፣ ኦፕሬተሯ ቀስ በቀስ ሄደች፣ ከሷ ጋርም ተራ ሄደ።

ተራ እንዴት ከሷ ጋር ሄደ ላላችሁኝ፣ እናቴን ጠይቁ። በሷ ጊዜ ሌላ ከተማ መደወል ማለት ቴሌ መሄድ ነበር። የምትፈልጊውን ከተማና ቁጥር መስኮት ላይ ታስመዘግቢያለሽ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ኦፕሬተሯ ትሞክራለች፤ ከተያዘ እሷው ትጠብቅልሻለች። ሲገኝ ስምሽን ትጠራና "ካቢን ሦስት!" ትልሻለች። ሮጠሽ ገብተሽ በሩን ዘግተሽ ትጮሂያለሽ፤ ውጭ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ የቤትሽን ጉዳይ ይሰማል። "ግማሽ ቀን ይፈጃል" ትላለች እናቴ፣ "ግን ከኔ በኋላ የመጣ ሰው ከኔ በፊት አይገባም።"

ቴክኖሎጂው ደግሞ ይህን መመለስ አቅቶት አይደለም። እንግሊዝ አገር የመስመር ስልክ ላይ ተይዟል ሲባል 5 ቁጥርን ተጭኖ መዝጋት የሚቻልበት አገልግሎት ተለምዷል። አሜሪካ ኮከብ 66 ነው። ማዞሪያው ራሱ መስመሩን ይጠብቅና ነጻ ሲሆን መልሶ ይደውልልሃል። የሞባይል ኔትወርኮች በጋራ በሚመሩበት ጂኤስኤም በሚባለው ደረጃ ውስጥም ይኸው አገልግሎት ተጽፎ አለ። ከዚህ የሚቀለው ደግሞ "እርስዎ 7ኛ ነዎት" የሚል ማሽን ነው። እኔ 7ኛ ነህ ብባል ቡናዬን ተረጋግቼ እጠጣ ነበር። 40ኛ ነህ ብባል እንኳ ደስ ይለኛል። ሰውን የሚያሳብደው መጠበቁ ሳይሆን ስንተኛ እንደሆነ አለማወቁ ነው።

ስልክ ሠሪዎቹም ድሮ ይሉኝታ ነበራቸው። የቆዩት የኖኪያ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ራሱ ደጋግሞ የሚደውል ምርጫ ነበር፤ ብዙዎቻችን ሳንነካው ነው ስልኩ ያረጀው። እሱ እስከ 10 ጊዜ ሞክሮ ያቆማል። 10 ከየት መጣ ቢባል፣ የጂኤስኤም መመሪያ ውስጥ ስልክ በራሱ ሲደጋግም የሚገዛበት ሕግ አለ። የመጀመሪያው ድጋሚ ቢያንስ 5 ሰከንድ ይጠብቅ። ቀጣዮቹ ሦስት ቢያንስ አንድ አንድ ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቢያንስ ሦስት ሦስት ደቂቃ። 10 ከሞላ ሰው ራሱ እስኪነካው ዝም ይበል። እየቆየ እንዲሄድ፣ እንዲደክመው አድርገው ነው የሠሩት። የዛሬው አፕ ይሄን ሕግ በጓሮ ነው የሚያልፈው። ለስልኩ እያንዳንዱ ጥሪ ጣት ነክቶት የመጣ ይመስለዋል፣ ስለዚህ አይቆጥርበትም።

ለምን እንደገደቡት የሚገባችሁ ሕዝብ የበዛበት ቀን ነው። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሐዋሳ ገብርኤል ሄዳችሁ የጠፋ ዘመድ በስልክ ለማግኘት ሞክሩ። ፊቼ ጫምባላላ ላይ ጉዱማሌ ሜዳ ገብታችሁ ሞክሩ። ያኔ የተያዘው የዘመዳችሁ ስልክ አይደለም፣ አንቴናው ነው። ስልካችሁ ገና አየሩን ለመጠየቅ ነው ከሺህ ስልኮች ጋር የሚጋፋው። ያልተሳካ ሙከራም ከዚያች ከጠበበችው አየር ድርሻውን ይወስዳል። እንዲህ ባለ ቀን አፕ ማስነሳት ጭንቅንቁን መጨመር ነው። አጭር መልእክት ልኮ "ከበሩ በስተግራ ነኝ" ማለት ይሻላል። ጥሪ እምቢ ሲል ቴክስት ሾልኮ ይሄዳል ብዙ ጊዜ።

አሁን ወደ ዕቁብ ሰብሳቢው። ይህ ሰው ቢሮ ላይ ሳይሆን ሰው ላይ ነው አፑን የሚለቀው። ዕጣ ደርሶት ከበላ በኋላ ስልኩን የማያነሳ አባል ሲገኝ፣ ማታ ማታ ይለቅበታል። "እስኪያነሳ አልተኛም፣ እኔ ግን እተኛለሁ" ይላል እየሳቀ። እውነቱን ለመናገር ዕቁብ በልቶ የጠፋ ሰው ላይ ብዙ አላዝንም። ግን ሚስቱስ? አጠገቡ የተኛው ልጅስ? ያኛው ሰውዬ ከሌላ ሰው ጋር እያወራ ከሆነ ደግሞ ኮል ዌይቲንግ ስላለ ጆሮው ውስጥ በየደቂቃው ቲው ቲው ይልበታል። ሲዘጋ ሚስ ኮሉ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። መጨረሻው ብሎክ ነው። እንዲያውም ዕቁብ ሰብሳቢው ሦስት ሲም ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

የቢሮ ስልክ ሲያዝ "ቢዚ ናቸው" ብለን እናልፋለን። የሰው ስልክ ሲያዝ ግን እኛ አገር ሌላ ታሪክ ነው። "አንድ ሰዓት ሙሉ ተይዟል። ከማን ጋር ነበርሽ?" ስንት ትዳር በዚህ እንደታመሰ። "ከእህቴ ጋር ነበር" ብትል "እህትሽ እኮ እኔ ጋ ናት" የሚል አይጠፋም። የባልን ወይም የሚስትን ስልክ ለቁጥጥር በአፕ የሚያስጠብቅ ሰው እንዳለ የጠጋኙ ልጅ ነግሮኛል። "ጋሼ፣ አንዳንዱ እኮ ሲነሳ አያወራም። መቼ እንደተለቀቀ ሰዓቱን ብቻ ነው የሚፈልገው።" እሱን ስሰማ ስልኬ ላይ ያለችው አረንጓዴ ቁልፍ ትንሽ አስጠላችኝ። ለመሥሪያ ቤት የተሠራ ነገር ቤት ሲገባ እንዲህ ነው። ሰው ስልኩን ሲያወራበት እያወራበት ነው፤ ሲጨርስ ሚስ ኮሉን አይቶ ይደውላል፣ ካልፈለገም አይደውልም። ከዚያ በላይ ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

ለመሥሪያ ቤት ግን አልተውኩትም። በየ2 ሰከንዱ የነበረውን ግን ወደ 3 ደቂቃ አሳደግኩት፤ ባትሪዬም አረፈ፣ እናቴም ቱ ቱውን ለመደችው። ኦፕሬተሯ አጠገብ ያለች ይመስል "በይ እስቲ ደግሞ ሞክሪ" እያለች ታዘዋለች።

ቀጠሮው እንዴት ተገኘ? ይሄ ነው የሚያስቀው። አንድ ጠዋት አፑ እየደወለ እኔም ስፒከሩን እያዳመጥኩ ነው። ተይዟል። ጠበቅን። አሁንም ተይዟል። ምን ያህል የሚያወራ ሰው ነው ብዬ ጥርሴን ስነክስ የእናቴ ስልክ ጮኸ። እህቴ ናት፣ እዚሁ ሐዋሳ ከአቶቴ ሰፈር።

"እማዬ፣ ያዝኩልሽ! አሁን ነው የዘጋሁት። ልጅቷ እንዴት ጥሩ መሰለችሽ፣ የመድኃኒቱን ስም ሁሉ አንድ በአንድ አስጻፍኳት።"

በጣቷ ነው የደወለችው። በመጀመሪያ ሙከራ ነው የገባላት። እኔና አፑ ያን ያህል ጊዜ የተመለስነው እሷ ስለያዘችው ነው።

ሐኪሙ እናቴን አዩአት፣ ሕክምና ጀመረች፣ ደህና ናት። ለክትትል ስንመለስ የሚቀጥለውን ቀጠሮ እዚያው ካርዷ ላይ ጻፉልን፣ ስልክ አላስፈለገንም። እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለተኛ ስልክ ተቀምጦ አየሁ። አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም። ኤርላንግ ትዝ አለኝ፤ ከግማሽ ወደ አንድ አምስተኛ። ደስ ብሎኝ ልጅቷን ቁጥሩን ጠየቅኳት፣ ጎረቤትም ስላለ ለሱም ልሰጠው።

"ውይ ጋሼ" አለችኝ፣ "ይሄ እኮ እኛ ወደ ውጭ የምንደውልበት ነው።"